ብቻዋን የቀረችው «ም»

በሰለች የሰው ስም ስትሰማ ጣቶቿ ዝም ብለው መቀመጥ አይችሉም። ለቅሶ ቤት የሟች ዘመዶች ሲነሱ፣ ቤተ ክርስቲያን ቄሱ የሙታንን ስም ሲጠሩ፣ ባጃጅ ውስጥ ሬዲዮው ዜና ሲያነብ፣ አሥሩም ጣቶቿ ከነጠላዋ ሥር ጉልበቷ ላይ ይጽፋሉ። አንዴ አንዲት የዕድር ባልደረባዋ ይህን አይታ ደነገጠችና ጠበል እንድትጠመቅ መከረቻት። በሰለችም፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት የጻፈን እጅ ጠበሉ ከየቱ ጣት ጀምሮ ያድነዋል?» ብላ ሳቀች።

የተወለደችው አንኮበር፣ ጎረቤላ አጠገብ ነው። አባቷ ሊድሯት ሲያስቡ ደብረ ብርሃን አክስቷ ዘንድ መጥታ ትምህርቷን ጨረሰች፤ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ተማረችና በሃያ አንድ ዓመቷ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነች። ጸሐፊ ማለት ሻይ የምታዝና ደብዳቤ የምትመታ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይምሰለው። ማን እንደሚሾም፣ ማን ደብረ ሲና እንደሚዛወር፣ ማን ከሥራ እንደሚሰናበት፣ ከሥራ አስኪያጁ ቀጥሎ የምታውቀው እሷ ነበረች፤ ከሁሉም በኋላ የምታወራውም እሷ።

እንዲህ የሆነችው ግን ተፈጥሮዋ ሆኖ አይደለም፤ አንድ ቀን አፍራ ነው። በተቀጠረች በሁለተኛው ወር የአንድ ሠራተኛ የዝውውር ደብዳቤ ጻፈች። ዋናውን ለኃላፊው፣ ቅጂውን ለመዝገብ ቤት ሰጠችና መሐል ሆኖ ቅጂውን ያተመውን የካርቦን ወረቀት ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ካርቦኑ አዲስ ስለነበር የተጻፈበት ሁሉ ታትሞበት ቀርቷል። አንድ ሰው አንሥቶ በመስኮት ብርሃን አነበበው፤ እስከ ምሳ ሰዓት ባለጉዳዩ ከመስማቱ በፊት ግቢው ሁሉ ሰማ። የመዝገብ ቤቱ ሹም አቶ ገብረመንፈስቅዱስ አልተቆጧትም። ጠርተው ካርቦኑን ወደ መስኮቱ አነሡና አሳዩዋት።

«አየሽ ልጄ፣ ደብዳቤውን ቆልፈሽ ጥላውን ሜዳ ላይ ጣልሽው። መጻፍ ሁሉም ይማራል። የተጻፈውን መሰወር ግን ሌላ ትምህርት ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ በሰለች ካርቦኗን ሳታቃጥል ወደ ቤቷ ሄዳ አታውቅም። ሰፈሩም «በሰለች ዘንድ የገባ ነገር ጉድጓድ ገባ» ይል ጀመር። እሷም ይህን ስም እንደ ሜዳሊያ ነበር የያዘችው። ትንሽም ትኮራበታለች፤ ለምን እንደብቃለን።

ጡረታ ስትወጣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየች። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ኮፒና ስካን የሚያደርግ ማሽን፣ አንድ የባለጉዳይ በርጩማ፣ እና በሩ በተከፈተ ቁጥር ወረቀት ሁሉ የሚያስነሣ የደብረ ብርሃን ነፋስ። ክስ ትጽፋለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ኑዛዜ ትጽፋለች። ባለጉዳዩ የሚያለቅስ ከሆነ መጀመሪያ ታስለቅሰውና ከዚያ ትጽፋለች።

በኮምፒውተሩም አንዴ አፍራለች። ከአንድ የቤተሰብ ጉዳይ ላይ የልጅ ስም እንድታጠፋ ታዘዘችና በስሙ ላይ ጥቁር ሳጥን አሳርፋ፣ አምሮላት፣ ለእህቷ ልጅ ለሰናይት አሳየቻት። ሰናይት ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ታስተምራለች። ሰናይት ጥቁሩን በማውሱ ጎትታ ኮፒ አደረገችው፤ ባዶ ገጽ ላይ ስትለጥፈው የልጁ ስም ከነአባቱ ቁጭ አለ።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ ስሙን ነጠላ ማልበስ ነው እንጂ ማጥፋት አይደለም» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ በሰለች ስሙን ራሱን ከሥሩ ትሰርዛለች፤ በቦታው ጥቁር ምልክት ታስገባለች፤ ታትመዋለች፤ የታተመውን መልሳ ስካን ታደርጋለች። ከወረቀት የተነሣ ሥዕል ከሥሩ የሚጎተት ነገር የለውም። የካርቦኑን ትምህርት ለሁለተኛ ጊዜ ተማረች፤ አሁንስ ጨረስኩ አለች። አልጨረሰችም ነበር።

ባለፈው ኅዳር መምህር አንዳርጌ ወደ ክፍሏ መጡ። መምህሩ ከወለጋ ተፈናቅለው ከተማው ዳር በመጠለያ ካምፕ የሚኖሩት ገበሬዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። የሠላሳ ሁለት ሰው ቃል በእጃቸው ጽፈው ይዘዋል። ተተይቦ፣ ስም ሁሉ ተሰርዞለት፣ በቴሌግራም ሊለቀቅ ነው፤ የሚረዳ ሰው እንዲያየው።

«ጉዳታችን ይታወቅልን፤ ስማችን ግን አይታወቅብን» አሏት። በሰለች ይህን ስትሰማ፣ እኚህ ሰው የእኔን ሥራ በሁለት ቃል ጨረሱት ብላ ወደደቻቸው።

በማግስቱ አንዲት ሴት መጣች። ዕድሜዋ አርባ አምስት ገደማ ይሆናል፤ በብርዱ ሁለት ጋቢ ደርባለች። በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ቃሏ ከሠላሳ ሁለቱ አንዱ እንደሆነ ነገረቻት። ስሟ አልታየች ይባላል። ከእሷ በፊት የተወለዱ ሦስት ልጆች ስለሞቱባት፣ እናቷ ሞት ሲፈልጋት እንዲህ ያለች ልጅ አልታየችም ተብሎ እንዲመለስ ብላ ያወጣችላት ስም ነው።

«እትዬ በሰለች፣ ለራሴ ፈርቼ አይደለም የመጣሁ» አለች። «እኔ እዚህ ነኝ። ያ ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ጎረቤቴ እኔንና ሦስቱን ልጆቼን ጎተራው ውስጥ አራት ቀን ሸሽጎ፣ ሚስቱ ያላትን አብልታን፣ እስከ መኪና መንገድ አደረሰን። ቋንቋችን ሌላ፣ ሃይማኖታችን ሌላ። እሱ ዛሬም እዚያው ነው፤ ከነልጆቹ። እዚያ አገር አልታየች የምትባል እኔ ብቻ ነበርኩ። የእኔ ስም ከታወቀ የእሱም ታወቀ። የአልታየች ጎረቤት ማን ነበር ቢሉ ሕፃን ይናገራል።»

በሰለች የጎረቤቱን ስም አልጠየቀችም። መምህሩም «አንድ ጎረቤቴ» ብለው ነበር የጻፉት። «ለእኔ ተይው» አለቻት፤ አልታየችም አንድ ሰው ሸክሙን ሲያግዘው እንደሚያደርገው ትከሻዋን ዝቅ አድርጋ ወጣች።

ሦስት ቀን ተየበች። ዘጠና አንድ የሰውና የቦታ ስም በዝርዝር አወጣች። ኮምፒውተሩ ስሙን ራሱ እየፈለገ፣ እየሰረዘ፣ በቦታው ጥቁሩን የሚያስገባበት ዘዴ አለው። አንዱን ስም ትሰጠዋለች፤ እሱ ከመቶ ገጽም ውስጥ ቢሆን ለቅሞ ስንት እንዳገኘ ይነግራታል። «አልታየች» ብላ ስትሰጠው «አምስት» አላት። ጎበዝ ብላ ቀጠለች። ሐሙስ ጠዋት ታትሞ፣ ስካን ሆኖ፣ ፍላሹንና አንድ የታተመ ቅጂ መምህር አንዳርጌ ወሰዱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አበው፤ በሰለች ይህን ተረት ለባለጉዳይ ስትነግር እንጂ ለራሷ ስትነግር ተሰምታ አታውቅም።

ሐሙስ ዕለቱን፣ ረፋድ ላይ፣ አልታየች ተመልሳ መጣች። በዓይኔ ልየው አለች። ፊደል የቆጠረችው እዚህ ከመጣች ወዲህ፣ በልጇ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ነው። በሰለች የቀረውን ቅጂ ሰጠቻትና የአንድ ሰው ክስ መተየቧን ቀጠለች። አልታየች ጣቷን ከእያንዳንዱ ፊደል ሥር እያስኬደች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ አነበበች። ጥቁሩ ላይ ስትደርስ ጣቷን አንሥታ ታሻግራለች፤ ኩሬ እንደሚሻገር ሰው። ከዚያ ቆመች።

«እትዬ በሰለች፣ ይህች ‹ም› እዚህ ብቻዋን ምን ትሠራለች?»

በሰለች ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሣ፣ «የቷ ‹ም›?» አለች።

አልታየች ጮክ ብላ አነበበችላት፤ «ቦ-ራ ላ-ሜ ግን ከ-ዚያ ቀን ወ-ዲህ... ጥቁር... ም።»

በሰለች ወረቀቱን ተቀበለቻት። እንዲህ ይላል፦ «ቦራ ላሜ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ████ም።»

ላሚቱ ምን ሆነች? አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ይሞላዋል። ላሚቱ አልታየችም። ማሽኑ ስም ይሁን ግስ አይለይም፤ «አልታየች» የሚለውን ባገኘበት አጠፋው፤ «ም»ን ግን ማንም አጥፋ ስላላለው ትቷት ሄደ። ከ«ም» በፊት ያለውን ጥቁር ያወቀ፣ የቀሩትንም ጥቁሮች አወቀ። በእጅ ጽሑፉ ላይ የሴትዮዋ ስም አራት ጊዜ ነበር። ማሽኑ አምስት ሲላት አራት አልነበረም ወይ ብላ አልጠየቀችም።

አልታየችም ነገሩ ቀስ ብሎ ገባት። «ስሜ ነው» አለች በዝግታ። «ላሜ አጋለጠችኝ።»

በሰለች ፊቷ ጋለ። የክሱ ባለቤት ቀና ብሎ አያት። መምህር አንዳርጌ ጋ ደወለች፤ ስልካቸው ዝግ ነው። እንደገና ደወለች። የክሱን ባለቤት «ወንድሜ፣ ነገ ና፤ ገንዘብ አልቀበልህም» ብላ አስወጣችው፤ በሩን ቆለፈችና አልታየችን ይዛ ባጃጅ ውስጥ ገባች።

መንገዱን ሙሉ ስልኩን ደጋግማ ሞከረች፤ አሁንም ዝግ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ካርቦን አቃጥላ፣ ጉድጓድ ተብላ፣ አሁን በማታውቀው አገር አንድ ሰው ከልጆቹ ጋር ምሳ እየበላ ይሆናል፤ እሷ ጥቁሮቹን ስላልቆጠረች ደጁን የሚያንኳኳ ሰው ሊመጣበት ነው። ካፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከቴሌግራም የወጣስ ምን ይባላል? አልታየች እጇን ዘርግታ የበሰለችን እጅ ጋቢዋ ውስጥ አስገባችው። አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣትም፤ በሰለችንም ያስለቀሳት እሱ ነው።

መምህር አንዳርጌ ከቆርቆሮው መጠለያ ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። መነጽራቸውን አድርገው የታተመውን ቅጂ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል። ባትሪ እንዳይጨርሱ ስልካቸውን ዘግተው ኪሳቸው ከተውታል።

«ለቀቁት?» አለች በሰለች ገና ከባጃጁ ሳትወርድ።

«የሰው ነገር ሳላነብ እለቃለሁ እንዴ? ገጽ ዐሥራ ዘጠኝ ላይ ነኝ።»

የአልታየች ቃል ገጽ ሃያ ሦስት ላይ ነበር። በሰለች ድንጋዩ አጠገብ ዝርፍጥ አለች። ከዚያ ማሽኑን ሳትወቅስ፣ ቸኮልኩ ሳትል፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው መምህር» ብላ አሳየቻቸው። እሳቸው መሥመሩን አንድ ጊዜ አነበቡት፤ ሁለተኛ አነበቡት፤ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔም ብደርስበት አልፈው ነበር» አሉ። «ቃሉን ከአፏ የጻፍኩት እኔ ነኝና ዓይኔ ራሱ እየሞላ ያነብልኝ ነበር። ያገኘችው እሷ ናት፤ ፊደል በፊደል የምትሄደው።» ፍላሹን ከኪሳቸው አውጥተው ለበሰለች መለሱላት።

ክፍሏ ሲመለሱ በሩን ዘግተው ተቀመጡ። በሰለች ዓረፍተ ነገሩን አወጣችና «ቀላል ነው፤ ‹ቦራ ላሜ ግን ጠፋች› እንበለው» አለች።

«ጠፋችማ አትበይ።»

«‹ሞተች› ልበል?»

«በስመ አብ፣ አይባልም።» አልታየች በርጩማውን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋች። በሩን ዘወር ብላ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ አልታየችም ያልኩት አፌ እንዳመጣ አይደለም። አስቤ ነው። ቦራ አለች። እሱ ዘንድ ናት። ከብቶቹ መሐል ቀላቅሎ ያግድልኛል። በክረምት ጥጃ ወለደች ብሎ ደውሎ ነገረኝ። ወተቱን ልጆቹ ይጠጡ ብዬዋለሁ። ኮሚቴው ስለ ከብቶቼ ሲጠይቀኝ ጠፋች ብል ሐሰት ነው፤ አለች ብል እሱን መጠቆም ነው። አልታየችም አልኩ። እውነት ነው፤ ማን አያት?»

በሰለች እጇን ከፊደሎቹ ላይ አነሣች። እሷ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ነገር በእሳት፣ በጥቁር ቀለም፣ በማሽን ስትሰውር ኖራለች። ይህች ትናንት ፊደል የቆጠረች ሴት ግን አንዲት ሐሰት ሳትናገር፣ አንዲት ጠብታ ቀለም ሳታፈስ፣ ሰውዬውንም ላሚቱንም በአንድ ቃል ውስጥ ሸሽጋቸዋለች። ያንን ቃል ነበር ማሽኑ የፈለፈለው። በሰለች ቅናት ነገር ተሰማት፤ ወዲያው ደግሞ ፍቅር ሆነባት።

«እንግዲያስ አንቺው ንገሪኝ» አለች እጆቿን ፊደሎቹ ላይ አሳርፋ። «ስምሽ ሳይኖርበት፣ ሐሰት ሳይኖርበት።»

አልታየች ጥቂት አሰበች። «‹ቦራ ላሜን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በዓይኔ አላየኋትም።›»

በሰለች ጻፈችው። መልሳ አነበበችው። ፈገግ አለች።

ማሽኑን ማመን ግን ከዚያ በኋላ የለም። ዓርብንና ቅዳሜን አልታየች በርጩማው ላይ ሆና ሠላሳ ሁለቱንም ቃል በጣቷ አነበበች፤ በሰለች አጠገቧ ተቀምጣ ከእጅ ጽሑፉ ጋር አመሳከረች። ሁለት ተመሳሳይ ጉድ ደግሞ አገኙ። ፀሐይ የምትባል ሴት ስም ሲሰረዝ «████ ሳትጠልቅ ደረስን» የሚል ተገኘ፤ ታደለ የሚባል ሰው ደግሞ «ማን እንደ እሱ የ████» ብሎ ተቀምጧል። የእኛ ሰው ስም ሁሉ ቃል ነውና፣ ስሙን ስታጠፋው ቋንቋው ይናገርብሃል። አልታየች እያንዳንዱን ስታገኝ «ይኸውልሽ» ትላለች፤ በሰለች «ወይ ማሽን» ትላለች፤ ይሳሳቃሉ። በመካከሉም የሰው መከራ ሲነበብ ይቆዩና ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዲሱ ታተመ፣ ስካን ሆነ፣ መምህር አንዳርጌ ከዳር እስከ ዳር አንብበው እዚያው ቆመው ለቀቁት። የድሮዎቹን ቅጂዎች በሰለች በቆርቆሮ ውስጥ ደጅ ላይ አቃጠለቻቸው። መምህሩ ተሰናብተው ሄዱ። አልታየች ግን ጋቢዋን እየጠቀለለች፣ እየፈታች፣ አልሄድም አለች።

«እትዬ በሰለች፣ ደም ግፊት አለብኝ። ልጆቼ ያኔ ሕፃናት ነበሩ፤ ‹አባባ› ከማለት በቀር ስሙን አያውቁትም። እኔም ለማንም ነግሬ አላውቅ። ድንገት አንድ ነገር ብሆን ውለታው ከእኔ ጋር ይቀበራል። አገር ሰላም የሆነ ቀን ልጆቼን ወስዶ፣ ያተረፋችሁ ቤት ይህ ነው የሚላቸው ሰው ይኑር። አንድ ሰው ይወቅልኝ።»

«እንዲያ ከተሳሳትኩብሽም በኋላ?» አለች በሰለች።

«ከተሳሳትሽ በኋላ ነው ያወቅሁሽ። ባጃጅ ውስጥ አየሁሽ እኮ።»

በሰለች ኮምፒውተሩን አጠፋች። ወንበሯን አዙራ ከአልታየች ጋር ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች። ከዚያም እጆቿን ከነጠላዋ ሥር አወጣችና አሥሩንም ጣቶቿን አቆላልፋ አጥብቃ ያዘቻቸው፤ የማያምኑትን ልጅ እንደሚይዙት።

አልታየች ጠጋ ብላ «ኦቦ...» ብላ ጀመረችና ስሙን ከነአባቱ ነገረቻት።

በሰለች በከንፈሯ አንድ ጊዜ መልሳ አለችው። ጣቶቿ አልተንቀሳቀሱም።